ቀኑ ያልተጠየቀ ውጤት

በማህፀንና ፅንስ ክሊኒክ በነርስነት ስሠራ ከታካሚዎች እጅ የተቀበልኩት የምርመራ ወረቀት ብዙ ነው። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሌላ ቦታ የተሠራ፣ እንቁላል ከወጣ በኋላ ከፍ የሚለው የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ውጤት ነበር፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው፣ ከሥሩም በእስክሪብቶ «እንቁላል አይወጣም» ተብሎ ተጽፎበታል። ደሙ የወር አበባዋ ከጀመረ በስንተኛው ቀን እንደተቀዳ ወይም ዑደቷ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚገልጽ ነገር የለውም።

ወረቀቱን ያመጣችው ሴት ልጅ ለመውለድ ስትሞክር ከዓመት በላይ ሆኗታል። «ሲስተር፣ መድኃኒት ካለው ይንገሩኝ፤ ከሌለውም ቁርጤን ልወቅ» አለችኝ።

የወር አበባዋን ትመዘግብ እንደሆነ ስጠይቃት ከቦርሳዋ አንዲት ማስታወሻ ደብተር አወጣች። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የማየው አልፎ አልፎ ነው። ወር አበባዋ የጀመረበት ቀን ሁሉ በቀይ ተከቧል፤ በመካከሉ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት «ፈሳሽ»፣ «ቀኝ ጎን ውጋት»፣ «ጡት ሕመም» የሚሉ ቃላት ሰፍረዋል። ከአንዱ ቀይ ክብ እስከ ሌላው ያለውን ቆጠርኩ፤ 35፣ 34፣ 36፣ እንደገና 35። ደሟ የተቀዳው በ21ኛው ቀን ነበር።

የ21ኛው ቀን ምርመራ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነች ሴት የተሰላ ነው። እንቁላል በ14ኛው ቀን ይወጣል የሚባለውም ከዚያው ስሌት የመጣ ነው። በጎርጎሮሳውያኑ 1920ዎቹ ጃፓናዊው ሐኪም ኦጊኖና ኦስትሪያዊው ክናውስ በየፊናቸው የደረሱበት እውነት ግን ከኋላ የሚቆጠር ነው፤ እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ ወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ይበልጥ የሚረዝመውና የሚያጥረው እንቁላሉ እስኪበስል ያለው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ስለዚህ የዚህች ሴት እንቁላል የሚወጣው በ21ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል። ፕሮጄስትሮን በብዛት የሚመነጨው እንቁላሉ ጥሎት ከወጣው ከረጢት ስለሆነ ከፍ ብሎ የሚታየው ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ቀን ደሟ ውስጥ ሆርሞኑ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ እንጂ የመካንነት ማስረጃ አልነበረም።

«ፈሳሽ» ብላ የጻፈችው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንሽ አፍራ፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ውኃ የጠራና የሚለጠጥ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ኢንፌክሽን መስሏት መድኃኒት ወስዳለታለች። ይህን ከስንት ሴት ሰምቻለሁ! እንቁላሉ ሲበስል የሚመነጨው ሆርሞን ኢስትሮጅን ከፍ ሲል የማህፀን በር የሚያመነጨው ፈሳሽ ይቀጥናል፣ ይጠራልም፤ የወንዱ ዘር እስከ 5 ቀን ድረስ በሕይወት ሊቆይ የሚችለውም በእርሱ አጋዥነት ነው። እንቁላሉ በበኩሉ ከወጣ በኋላ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። የሚያሳክክ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ወይም ቀለሙ የተለወጠ ፈሳሽ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእርሷ ግን የጤንነት ምልክት ነው፤ ማንም ስላልነገራት በሽታ አድርጋ ስትታከመው ኖራለች። የጎን ውጋቱም ብዙ ሴቶች እንቁላሉ በሚወጣበት ወገን ለጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሁለት ቀን የሚሰማቸው ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮጄስትሮን ሲነሳ ጡት ሊያብጥና ሊያም፣ ሆድ ሊነፋ ይችላል፤ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የሚለካው የሰውነት ሙቀትም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል።

ያም ሆኖ «እንቁላልሽ ይወጣል» ብዬ አልነገርኳትም። ምልክት ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም፤ ባዶ ተስፋ ደግሞ ከባዶ ፍርድ አይሻልም። ደብተሩንና ወረቀቱን ይዤ ወደ ሐኪሟ ገባሁ። ሐኪሟ ቀኖቹን ቆጥራ ምርመራው በሚቀጥለው ዑደት በ28ኛው ቀን እንዲደገም አዘዘች፤ ባልየውም የዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዲያደርግ ጨመረች። እስከዚያ ቀን ድረስ እርሱን የመረመረው ሰው አልነበረም። ሴቲቱ ብቻዋን በደለኛ ሆና ዓመት ሙሉ መክረሟን ሳስብ ከወረቀቱ ይበልጥ ያቃጠለኝ ይኼ ነው።

በ28ኛው ቀን የተቀዳው ደም ውጤት 11 ናኖግራም በሚሊ ሊትር መጣ። ከ3 በላይ ከሆነ በዚያ ዑደት እንቁላል መውጣቱን ያሳያል።

በእኛ ክሊኒክ የሆርሞን ምርመራ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ሁለት መስመሮች የተጨመሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ «የመጨረሻው ወር አበባ የጀመረበት ቀን» እና «የዑደቱ ርዝመት»። ሁለቱ ሳይሞሉ ላቦራቶሪው ናሙና አይቀበልም። መጀመሪያ ላይ ሥራ ያጓትታል ብለው ያጉረመረሙ ባልደረቦች ነበሩ። እኔ ግን ያቺን ደብተር ያየ ሰው ሁለት ጥያቄ በዛ ይላል ብዬ አላምንም።

ሴቲቱ ውጤቱን ስትሰማ የጠየቀችኝ «ታዲያ መቼ እንሞክር?» ብላ ነው። ከ15ኛው ቀን ጀምራ ፈሳሹን እንድትከታተል፣ ከጠራበት ዕለት አንሥቶ እስከ 22ኛው ቀን ድረስ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እንዲሞክሩ ነገርኳት። የባሏ ውጤት ሲደርስ ደግሞ ሁለቱም አብረው እንዲመጡ ቀጠሮ ያዝኩላቸው።