ደጅ ጥናት አይደለም

ሁለት ዓመት ሙሉ በሰመር ሙቀት እንኳ ረጅም እጅጌ ነበር የምለብሰው። ግራ ክንዴ ላይ ፊስቱላ አለ። ለኩላሊት እጥበት እንዲመች ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ቦታ ነው። እብጥ ብሏል። እጅ ሲያርፍበት ይነዝራል። ቤተ ክርስቲያን «ምነው ከሳሽ?» ሲሉኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ። ደሴ ላለችው እናቴ በስልክ «ደህና ነኝ» ነው መልሴ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሆኖም እኛ ቤት ሕመም የጓዳ ነገር ነበር።

ዛሬ ዋሽንግተን የኮንግረስ አባላት ቢሮ እየገባሁ ስለ ኩላሊቴ አወራለሁ። በፈቃደኝነት ነው፣ ክፍያ የለውም። እንዴት እንደገባሁበት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ጻፍኩት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በሴፕቴምበር 2017 ታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቱን ሰጠኝ። «እታለም፣ ሁለት ምን ያደርግልኛል?» ነው ያለው። እሱ የሰጠኝን ለማቆየት በየ12 ሰዓቱ መድኃኒት እውጣለሁ። ሰውነቴ ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው ነው። ኩላሊቱ እስካለ ድረስ መድኃኒቱ አይቋረጥም።

የሜዲኬር ሽፋን ግን ያኔ ይቋረጥ ነበር። ሜዲኬር በመሠረቱ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ግን በቂ ዓመት ሠርቶ ከከፈለ በማንኛውም ዕድሜ ይገባል። ከንቅለ ተከላ በኋላ 36 ወር ይቆጠርና፣ ዕድሜውም ካልደረሰ፣ በአካል ጉዳትም ካልገባ፣ ያበቃል። መድኃኒቱን መግዛት አቅቶኝ የወንድሜ ኩላሊት ቢበላሽ ወደ እጥበት እመለሳለሁ። ያኔ ሜዲኬር እንደገና ይቀበለኛል። የአንድ ሰው እጥበት በዓመት ወደ 90 ሺህ ዶላር ያስወጣል። መድኃኒቱ ጥቂት ሺህ ነው። ይህን የነገረችኝ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ነች። የሰማሁትን አላመንኩም፤ ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ከዚያ ይህ ሕግ እንዲቀየር የሚሟገት የኩላሊት ሕሙማን ማኅበር አለ ብላ ስልካቸውን ሰጠችኝ።

ሥልጠናው የአንድ ምሽት ነበር፣ በስልክ። አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንድ ታሪክ ግን አለቅ አለኝ። በኖቬምበር 4 ቀን 1971 ሼፕ ግሌዘር የሚባል ሕመምተኛ ዌይስ ኤንድ ሚንስ የሚባለው የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የእጥበት ማሽን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተተከለና አባላቱ እያዩት ታጠበ። በ1972 ሜዲኬርን ለኩላሊት ሕሙማን የከፈተው ሕግ ወጣ። እኔ ክንዴን ከገዛ ወገኔ እደብቃለሁ። እሱ ደሙ በቱቦ ሲዞር ለሕግ አውጪዎች አሳየ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በፌብሩዋሪ 2020 ከአሌክሳንድሪያ በብሉ ላይን ባቡር ሄጄ ካፒቶል ሳውዝ ጣቢያ ወረድኩ። አምስት ነበርን። የመጀመሪያው ቢሮ የኔ ተራ ነበር። የጠበቀን የኮንግረስ አባሉ ሳይሆን ረዳት ነው፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሰጠን። እኔ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፓርኪንግ ካሸር ሆኜ ስሠራ እግሬ ማበጡን፣ ድንገተኛ ክፍል መግባቴን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ለእጥበት መሄዴን። ወንድሜ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። ልጁ ሶፍት አቀበለኝ። ሰዓቱ አለቀ።

ኮሪደር ላይ መሪያችን፣ እሱም በሰው ኩላሊት የሚኖር ሰው፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። «ምን እንዲያደርጉልሽ ጠየቅሻቸው?»

ምንም አልጠየቅኩም ነበር።

ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ አገር ሹም ፊት ሲቀረብ ችግር ይዘረዘራል፣ አንገት ይደፋል፣ የቀረው የሹሙ ቸርነት ነው። ደጅ ጥናት ማለት ይኸው ነው። እዚያ ቢሮም የገባሁት እንደዚያ ሆኜ ነው። ልጁ ከልቡ አዘነልኝ። የሱ ሥራ ግን የሰማውን በአንድ አንቀጽ ጽፎ ለአለቃው ማቅረብ ነው። እኔ ደግሞ የሚጽፈው ነገር አልሰጠሁትም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ወረቀት ጀርባ ላይ አራት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። «ወንድሜ ኩላሊት ሰጠኝ። ይህን ኩላሊት የሚያቆየውን መድኃኒት ሜዲኬር ከሰባት ወር በኋላ መክፈል ያቆማል። ኩላሊቱ ከተበላሸ ግን ለእጥበቱ ይከፍላል። የመድኃኒቱ ሽፋን እንዳይቋረጥ የሚያደርገውን ረቂቅ ሕግ አለቃህ ፈርመው እንዲደግፉ እጠይቃለሁ።» እስካሁን ለማንም ሰው የማስተምረው ይህንኑ ነው። ምን ደረሰብኝ፣ መቼ፣ ከሕጉ የትኛው ነገር አመጣው፣ ምን ይደረግልኝ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ሁለተኛው ቢሮ የሌላ ስቴት ነበር። ከዚያ ስቴት የመጣችው ጡረተኛ አስተማሪ ጀመረችና ተራው ለኔ ደረሰ። ልክ አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ የመድኃኒት ሰዓቴ ነው። ድሮ ቢሆን ሽንት ቤት ሄጄ ነበር የምውጠው። ያን ቀን ግን ሳጥኔን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። ሰባት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ አሥራ አራት ክፍል አለው። የዛሬ ጠዋቱን መዳፌ ላይ ገልብጬ በፊታቸው ዋጥኩ። ረዳቷ መጻፏን አቁማ ታይ ነበር። «የዛሬውን ባትወስጂስ?» አለች። ነገርኳት። «ሽፋንሽ የሚያበቃው መቼ ነው?» ሰባት ወር ቀረኝ አልኩ። ማስታወሻዋ ላይ 7 ቁጥርን ጽፋ ከበበችው።

ከዚያ ኮሮና መጣና ነገሩ ሁሉ በኢሜይልና በዙም ሆነ። እውነቱን ለመናገር ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው፣ ፎቶ የለውም። በዚያው ቀን ማታ የምስጋና ኢሜይል መላክ፣ በወሩ መደወል። ረዳቶቹ ቶሎ ቶሎ ሥራ ይቀይራሉ። የለፋሁበት ልጅ ሄዶ ለአዲሱ እንደገና ከሀ ጀምሬያለሁ፣ ከአንድም ሁለት ጊዜ። የማላውቀውን ሲጠይቁኝ «አጣርቼ እልካለሁ» እላለሁ፣ በማግስቱም እልካለሁ። አንድ ጊዜ በግምት የተናገርኩት ቁጥር ስህተት ሆኖ ስላገኘሁት ማረሚያ ልኬያለሁ። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው ያ ቢሮ መልሶ መደወል የጀመረው። ሌላው ደግሞ፣ ደጋፊ ሆኖ የፈረመውን ሰው ስም ኮንግረስ ዶት ጎቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም ማየት ይችላል። በየሳምንቱ አይ ነበር። አሜሪካዊ ዜግነት የለኝም ብላችሁ ወደኋላ አትበሉ። ቢሮው መጀመሪያ የሚጠይቀው የምትኖሩበትን ዚፕ ኮድ፣ የሰፈሩን የፖስታ ቁጥር ነው።

ሕጉ በዲሴምበር 2020 መጨረሻ አለፈ፣ በትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ ገብቶ። በስልክ ሲነግሩኝ ጮህኩ። ከዚያ ዝርዝሩን አነበብኩ። የሚጀምረው በጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ነው። የኔ 36 ወር ግን በሴፕቴምበር 2020 አልቋል። ሌላ መድን ለሌለው ሰው ብቻ ነው የሚሠራው፣ የሚሸፍነውም እነዚህን መድኃኒቶች ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወርኃዊ ክፍያው 97 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነበር። እኔ ግን ሽፋኔ ካበቃ በኋላ ኢንሹራንስ ያለው ሥራ እስካገኝ ድረስ የመድኃኒቴ ዋጋ ከኔና ከወንድሜ ኪስ ነው የወጣው። ስለዚህ የታገልኩለትን ሕግ እኔ አልተጠቀምኩበትም። አልደብቅም፣ አሞኛል። ግን ዛሬ በዚያ ሽፋን መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሳገኝ ሕመሙ ይለቀኛል።

አሁን የያዝኩት የወንድሜን ጉዳይ ነው። የሕይወት መድን ሊገዛ ሄዶ አንድ ኩላሊት ነው ያለህ ብለው ዋጋ ጨመሩበት። ሐኪሞች ጤነኛ ነህ ብለው ነው ቀዶ ያደረጉት። መድን ሰጪዎች እንዲህ እንዳያደርጉ የሚከለክል ረቂቅ ከ2014 ጀምሮ በተደጋጋሚ ቀርቧል። ኮንግረስ በየሁለት ዓመቱ ስለሚታደስ ያላለፈ ረቂቅ ይሞታል፣ እንደገና መቅረብ አለበት። እኛም አብረነው እንደገና እንሄዳለን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ አሥር ደቂቃ እንድናገር ፈቀዱልኝ። አጭር እጅጌ ለብሼ ነበር። ስጨርስ ስድሳ የሚሆናቸው አንዲት እናት ሻይ ይዘው መጡ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ። እጄን ይዘው ክንዳቸው ላይ አሳረፉት። ይነዝራል።

«ሦስት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«በሚቀጥለው ወር እንሄዳለን። አብረውን ይመጣሉ?»

«እንግሊዝኛዬ አይረባም እኮ።»

«እኔ አለሁልዎት» አልኳቸው። ስልካቸውንና ዚፕ ኮዳቸውን ጻፍኩ።