ብሎን የገባበት የታዳጊ ዳሌ፦ የክትትል ራጁን የማነብበት መንገድ

የጭን አጥንቱ ራስ ከእድገት ሰሌዳው (አጥንቱ ከሚረዝምበት ንብርብር) ላይ ተንሸራቶ በአንድ ብሎን የታሰረለት ታዳጊ ለክትትል ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምከፍተው የዛሬውን ራጅ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ የተነሳውን ነው፤ ጎን ለጎን ካላስቀመጥኳቸው አዲሱ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። ሁለቱም ዳሌዎች ከፊት፣ ከዚያም ጉልበት ታጥፎ ጭን ወደ ውጭ ተከፍቶ መነሳት አለባቸው።

ቀድሜ የማየው የብሎኑን ጫፍ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ከአጥንቱ ራስ መሃል ሆኖ፣ ከልም አጥንቱ ሥር ካለው አጥንት ቢያንስ 5 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የአጥንቱ ራስ ክብ በመሆኑ፣ ከመሃል ወጣ ብሎ የገባ ብሎን መገጣጠሚያውን በስቶም በሁለቱም ፊልሞች አጥንት ውስጥ ያለ ሊመስል ይችላል። ጫፉ ወደ ጠርዙ ከተጠጋና ዳሌው ሲዞር የሚያም ከሆነ ራጅ መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው፤ በቀጥታ ሲቲ ስካን አዛለሁ። ብረቱ በቆየ ቁጥር ልም አጥንቱን ይፍቃል።

ቀጥሎ የመገጣጠሚያውን ክፍተት እለካለሁ። ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ወይም ከጤነኛው ወገን በግማሽ ካነሰ ልም አጥንቱ እየተመናመነ ነው።

ከሁሉም የምፈራው ግን የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ መሞቱን ነው። ገና ሲመጣ በክራንች እንኳ መርገጥ ያቃተው ታዳጊ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። ራጁ ለወራት ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ የአጥንቱ ራስ ከፊል ከአካባቢው ይበልጥ ነጥቶ ይታያል፣ ከገጹ ሥር እንደ ጨረቃ የቀጠነ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ በመጨረሻም ክቡ ይደፈጠጣል። ስለዚህ ስጠራጠር ኤምአርአይ አስነሳለሁ። የታይታኒየም ብሎን ከስቴንለስ ስቲሉ ያነሰ ምስል ያበላሻል። የማሽኑ ማግኔት ጉልበት 1.5 ቴስላ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ባንድዊድዙን (ማሽኑ ምልክት የሚቀበልበትን የድግግሞሽ ስፋት) አሰፋለሁ፣ ስቡንም ከምስሉ የማጠፋው በስተር (STIR በሚባለው የአነሳስ ዘዴ) ነው። የተለመደው የስብ ማጥፊያ ብረት አጠገብ ስለማይሠራ፣ የቀረው ነጭ ስብ እብጠት መስሎ ያሳስታል።

ያልታሰረው ዳሌም አይረሳ፤ ሁለተኛው መንሸራተት አብዛኛውን ጊዜ በ18 ወር ውስጥ ይመጣል። ከፊት በተነሳው ፊልም በጭን አንገቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ መስመር እሰምራለሁ፤ መስመሩ የአጥንቱን ራስ ጫፍ ካልቆረጠ ተንሸራቷል ማለት ነው። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይ ሊሰማ ስለሚችል፣ ልጁ «ጉልበቴን ነው የሚያመኝ» ቢልም የዳሌውን ራጅ አንሱ።