ኮፊን የጣሉበት መንገድ

ሬስለሩ ኮፊ ኪንግስተን የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ያጣበትን ግጥሚያ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። ዛሬም ተናደድኩ። የእህቴ ልጅ ሬስሊንግ መከታተል ከጀመረ ወዲህ የድሮ ግጥሚያዎችን አንድ በአንድ ፈልጊልኝ እያለኝ ነው፤ ዛሬ ተራው የኮፊ ሆነ። ልጁ ተደላድሎ ሳይቀመጥ ግጥሚያው አለቀ። «አክስቴ፣ ቪዲዮው ተቆርጧል እንዴ?» አለኝ። አልተቆረጠም። ሙሉው ያው ነው።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2019፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ፤ ስማክዳውን የተባለው የደብሊው ደብሊው ኢ ኩባንያ ሳምንታዊ የሬስሊንግ ዝግጅት ወደ ፎክስ ቴሌቪዥን የተዛወረበት የመጀመሪያው ምሽት ነበር። ደወሉ ተደወለ። ኮፊ ሮጦ ወደ ብሮክ ሌስናር ዘለለ፤ ሌስናር በአየር ላይ እንዳለ ቀለበው፣ ትከሻው ላይ አጋደመው፣ አሽከርክሮ ከወለሉ ጋር አላተመው፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ። አሥር ሰከንድ እንኳን አልሞላም። ወዲያው ሬይ ሚስቴሪዮ ኬን ቬላስኬዝን አስከትሎ ብቅ አለ። ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኤፍሲ፣ ማለትም ውጤቱ ባልተጻፈ እውነተኛ ፍልሚያ፣ ሌስናርን የደበደበ ሰው ነውና ካሜራው ወደ እነዚህ ሁለት ግዙፎች ዞረ። ለስድስት ወራት ሻምፒዮን የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው አልነበረም።

ሬስሊንግ ማለት ለእኔ የልጅነት ሰፈሬ ነው። ሳህኑ ጣሪያ ላይ የተተከለለት ቤት አንድ ነበር፤ የድሬዳዋ ሙቀት አመሻሽ ላይ በረድ ሲል ቴሌቪዥኑ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ሕፃኑም አዋቂውም ምንጣፍ ላይ ይኮለኮላል። አስተላላፊው የሚጮኸው በዐረብኛ ነው፤ የሚገባው ለማይገባው ይተረጉማል። በማግስቱ ደቻቱ እንወርዳለን። ወንዙ ውሃ በማይኖረው ጊዜ አሸዋው ጥልቅና ለስላሳ ነው፣ ከቁመት በላይ አንሥተው ቢጥሉህም አያምም። ወንዶቹ ባቲስታ እና አንደርቴከር ሲሆኑ እኔ ቀጫጫ ስለነበርኩ ሬይ ሚስቴሪዮ ነበርኩ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ድሬ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲህ እናቴ ወደዚያ ዝር እንዳልል ከለከለችኝ።

«ውጤቱ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፣ ምን ያንገበግብሻል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ መጻፉ ነው። በእግር ኳስ ኳሷ አግዳሚውን መትታ ስትመለስ ዕድል ነው ብሎ መጽናናት ይቻላል። እዚህ ግን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ይኼ ሰው በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ያህል ጊዜ ይውደቅ ብለው ወስነዋል። ወገቡና አንገቱ የሚጎዳው ግን የሰውየው ነው። ስለዚህ ምን ሊነግሩን ፈልገው እንደጣሉት መጠየቅ የተመልካች መብት ይመስለኛል።

ደግሞም ስለ አጭር ሽንፈት ከሆነ ኮፊ የመጀመሪያው አይደለም። ዳንኤል ብራያን እ.ኤ.አ. በ2012 በኩባንያው ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት፣ በሬስልማኒያ 28፣ በሼመስ የተሸነፈው በ18 ሰከንድ ነው። ሰው ተቆጣ። በማግስቱ ምሽት እዚያው ማያሚ አዳራሹ ሙሉ «የስ! የስ!» እያለ ሌሎች ሬስለሮች ሪንግ ውስጥ እያሉ እንኳን የብራያንን ጩኸት ሲጮህ አመሸ። ያ ጩኸት ሁለት ዓመት አልበረደም፤ ኩባንያው በመጨረሻ ሰማ፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 2014 ኒው ኦርሊንስ ላይ ብራያን በአንድ ምሽት መጀመሪያ ትሪፕል ኤችን፣ ከዚያ ራንዲ ኦርተንንና ባቲስታን አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። ቢያንካ ቤሌርም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ላስ ቬጋስ ላይ፣ ወልዳ ከረጅም ዕረፍት በተመለሰችው ቤኪ ሊንች በ26 ሰከንድ ተሸነፈች። ያን ቀን የተሰማኝ ብስጭት ቀላል አልነበረም፤ ሴት ሬስለሮች የሽርፍራፊ ደቂቃ ባለቤት ሆነው ስንት ዘመን ኖረዋልና። ይሁን እንጂ ያችን 26 ሰከንድ አልረሱባትም፤ ከወር ወር እያነሡ ቂሙን አበሰሉት፣ በኤፕሪል 2022 በሬስልማኒያ 38 ቤኪን ረትታ ሻምፒዮን ሆነች። ያ ሽንፈት ታሪክ ሆነላት።

የኮፊ ግን የትም አላደረሰም። የመልስ ግጥሚያ አልተሰጠውም። ለምን እንዲህ ሆንኩ ብሎ የሚናገርበት አንድ ወግ ያለው ንግግር እንኳን አላየሁም። ወደ ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ወደ ቢግ ኢ እና ዛቪየር ዉድስ ተመለሰ፤ የቡድናቸው መለያ የሆነው ፓንኬክና ጭፈራ ቀጠለ፤ የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ተቆጠረ። ያ ሁሉ የተደረገለት የሌስናርና የቬላስኬዝ ግጥሚያስ? በዚያው ወር መጨረሻ ሪያድ ላይ ተደረገ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀ፤ ቬላስኬዝም በኤፕሪል 2020 ተሰናበተ። (ሪያድ ያን ምሽት ሌላ ነገርም አይታለች፤ ናታልያ እና ሌሲ ኤቫንስ በሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያውን የሴቶች ግጥሚያ አደረጉ። ከዚያ ምሽት የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው።) የኮፊ ስድስት ወር የተሸጠው ሁለት ደቂቃ ላልሞላ ነገር ነው።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ መንገዱ ነው። ኮፊ ጋና የተወለደ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቴሌቪዥን ሲቀርብ ግን የጃማይካ ሰው ነው ተብሎ፣ የጃማይካ አነጋገር እንዲናገር ተደርጎ ነበር፤ የትውልድ አገሩን ያስጠሩለት ቆይተው ነው። በሬስሊንግ ዓለም አፍሪካ ስትቀርብ እንዴት እንደነበረ የሚያውቅ ይህ አይደንቀውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዝነኛ የነበረው «የዩጋንዳው ግዙፍ» ካማላ ጄምስ ሃሪስ የሚባል የሚሲሲፒ ተወላጅ ነበር። ፊቱን ቀብተው፣ ሆዱ ላይ ጨረቃ ሥለው፣ ጭንብልና ጦር አስይዘው፣ ቋንቋ የማይችል አውሬ አድርገው አቀረቡት። ያ ሰው በስኳር በሽታ ምክንያት ሁለት እግሮቹን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ዐረፈ። «የሱዳኑ ዕብድ» ሲባል የኖረው አብዱላ ዘ ቡቸርም የካናዳ ሰው ነው። እኛ እዚህ ሳህን ሥር ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለን የምናየው አፍሪካ ያ ነበር።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 የሆነውን ሳይ እንባዬ መጣ። ለቀበቶው ሊፎካከር የነበረ ሙስጠፋ ዓሊ የሚባል ሬስለር ሲጎዳ ኮፊ ተተክቶ ገባ፤ በየካቲት አንድ ሌሊት ተራ በተራ ከሚመጡ ተጋጣሚዎች ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ሪንግ ውስጥ ቆየ፤ ተመልካቹም ተነሣ። ኩባንያው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ ለዋናው ቀበቶ ብቻ ለብቻ ተፋልሞ አያውቅም ነበር። ኤፕሪል 7 ሬስልማኒያ 35 ላይ ብራያንን ረታ። ብራያን የቆዳውን ቀበቶ ጥሎ ከሄምፕና ከእንጨት ያሠራውን ይይዝ ነበር፤ የኮፊ ጓደኞች እውነተኛውን አምጥተው ሰጡት። የኮፊ ሁለት ልጆች ሪንግ ውስጥ ገቡ። ቢግ ኢ እያለቀሰ ነበር። እኔ ሙዚቃና ፊልም ከሚጭን ልጅ በፍላሽ አስጭኜ ያየሁት ከቀናት በኋላ ነው፤ ውጤቱን አውቄም ልቤ ቆሞ ነበር። በዚያው ዓመት ቀበቶውን ይዞ ጋና ሄደ።

የመሸነፉን ቪዲዮ ያኔ ከአባዬ ጋር ነው ያየሁት። አባዬ ሬስሊንግ አይወድም፤ አጠገቤ የተቀመጠው ቬንትሌተሩ እዚያ ስለነበረ ነው። ግጥሚያው ሲያልቅ «በሳምንቱስ ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አላሉም አልኩት። አባዬ ራሱ ዕድሜውን በሙሉ ባገለገለበት መሥሪያ ቤት የመጨረሻው ቀን ቁልፍ ተረክበውት፣ አስፈርመውት፣ «በርታ» የሚለው ሰው እንኳን ሳይገኝ ነው የወጣው። «እንግዲያው ጥሩ ደሞዝ ይከፍሉት ይሆናል» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ስለ ደሞዝ ካነሣን አንድ የሚገርም ነገር አለ። በደብሊው ደብሊው ኢ የሚፋለሙት ሰዎች ቅጥር ሠራተኞች አይባሉም፤ ውላቸው ራሱን እንደቻለ ተቋራጭ ነው፤ ማኅበርም የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄሲ ቬንቹራ የሚባል ሬስለር ማኅበር እንመሥርት ብሎ ተንቀሳቅሶ ነበር፣ አልሆነም። ኤፕሪል 15 ቀን 2020 ወረርሽኙ ዓለምን በዘጋበት ሰሞን ብዙዎቹ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። አንድ ሬስለር ታሪኩ ሲበላሽበት አቤት የሚልበት የለም፤ ያለው ተመልካቹ ነው። ለብራያን የጮኸው ተመልካች ነበር። ለኮፊ ያን ያህል አልጮኽንም፣ ወይም ጩኸታችን አልቆየም፤ በማግስቱ ሁሉም ስለ ሌስናርና ቬላስኬዝ ያወራ ነበር።

አሁን ዓይኔ ያረፈው ኦባ ፌሚ ላይ ነው። ናይጄሪያዊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እያለ አሎሎ ወርዋሪ ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 የኤንኤክስቲ፣ ማለትም ኩባንያው አዳዲስ ሬስለሮችን የሚያሳድግበት ዝግጅት፣ ሻምፒዮን ሆነ። ጦር አላስያዙትም፣ አገሩንም አልሸሸጉበትም፤ ሲገባ ትከሻውን ነፋ አድርጎ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ አዳራሹም ይነሣለታል። መሸነፉ አይቀርም፣ የሥራው ጠባይ ነው፤ በአሥር ሰከንድም ሊሆን ይችላል። ብቻ በማግስቱ ማይክሮፎን ይዞ ሪንግ መሃል ቆሞ የሚናገርበት አምስት ደቂቃ ይስጡት።