ውሃ ጠግቧል ወይ?

ዛሬ እሁድ ነው። ከሥራ አድሬ ገባሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ እቤት ውስጥ ስንከራከርበት የነበረው የጀልባ ነገር ትናንት ተቋጨ። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ሲያትል ስኖር 12 ዓመት ሆነኝ። እዚህ ወደየትም ብትዞር ውሃ ነው። በምሥራቅ ሌክ ዋሽንግተን፣ በምዕራብ ፒውጀት ሳውንድ፣ መሀል ከተማ ደግሞ ሌክ ዩኒየን። ባሕር ዳር ላደገ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሸራ ጀልባ ላይ መጀመሪያ የወጣሁት ሌክ ዩኒየን ዳር ካለው ሴንተር ፎር ውደን ቦትስ ከሚባል የእንጨት ጀልባዎች ሙዚየም ነበር። እሁድ እሁድ ሰውን በነጻ ያሳፍራሉ። አንዲት በጎ ፈቃደኛ የመሪውን እጀታ ሰጠችኝና “ነፋሱን ጉንጭህ ላይ ስማው” አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የራሴን ጀልባ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን ትንሽ ነው።

እኔና ባለቤቴ በአራት ዓመት ያጠራቀምነው 9 ሺህ ዶላር ነው። በዚህ ብር ሁለት ዓይነት ጀልባ ይገኛል። ወይ አሮጌና ሰፊ፣ ወይ አዲስና ትንሽ። አዲስም ሰፊም የሚሆነው ለሌላ ሰው ነው።

አሮጌዋ ካታሊና 22 ናት፤ የ1981 ሥሪት። ይቺን ጀልባ የነደፋት ፍራንክ በትለር የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ነው። ከ15 ሺህ በላይ ስለተሠራች ከጀልባዎች መሀል እንደ ኮሮላ በሏት። መለዋወጫ አይጠፋም፤ የሚያውቃት ሰውም አይጠፋም። ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ጎንበስ ብለህ የምትገባባት ትንሽ ክፍል አለቻት፤ ዝናብ ሲመጣ መጠለያ፣ ሲመሽ መኝታ። ከሥሯ 250 ኪሎ የሚሆን ብረት ተንጠልጥሏል። ኪል ይሉታል። ነፋስ ሲገፋት እንዳትገለበጥ ሚዛን የሚጠብቀው እሱ ነው። ጥልቀት ወደሌለው ቦታ ስትደርስ ደግሞ በገመድ ብረት እያጠነጠንክ ወደ ላይ ትስበዋለህ። ባለቤቱ 4,200 ዶላር አለ።

አዲሷ አርኤስ ኩዌስት ናት፤ የ2019። ርዝመቷ 4.29 ሜትር፣ ክፍት፣ ከፕላስቲክ በቅርጽ የወጣች። ድንጋይ ላይ ብትጎትታት ቅር አይላትም። የሚበሰብስ እንጨት የላትም። ሸራዋ ገና ሲነካ ይንኮሻኮሻል። 8,500 ዶላር።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ኩዌስቷን ስታይ ዓይኗ በራ። እውነቷን ነው። በትንሽ ጀልባ ሸራ መማር የተሻለ ነው። ነፋሱ ትንሽ ሲጨምር ወዲያው ይሰማሃል፤ ከተሳሳትክ ወዲያው ትቀጣሃለች፣ ከተገለበጠችም አቃንተሃት ትቀጥላለህ። ከባዷ ጀልባ ስህተትህን ትሸፍንልሃለች፤ ስለዚህ የምትማረው ቀስ ብለህ ነው። እኔም ልቤ ወደ አዲሷ አዘነበለ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቅዳሜውን ዝገት ሲፍቅ መዋል የለበትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ይሄን ሁሉ በስልክ ለእማዬ እነግራታለሁ። እማዬ የዘጌ ልጅ ናት። አባቷ በታንኳ ከዘጌ ባሕር ዳር እንጨት ያመላልስ ነበር፤ እሷም ልጅ ሆና ከእንጨቱ ጫፍ ተቀምጣ ትሻገር ነበር። እኔ ስለ ዋጋው፣ ስለ ሸራው፣ ስለ ማሪናው፣ ማለት ስለ ጀልባ ማቆሚያው ኪራይ ሳወራ ዝም ብላ አዳመጠችኝና፣

“ታዲያ አሮጌው ውሃ ጠግቧል ወይ?” አለችኝ።

“ምን ማለትሽ ነው እማዬ? ይሄ እኮ ፋይበርግላስ ነው፤ የጠነከረ ፕላስቲክ በይው።”

“እሱን አላውቅም። ውሃ የጠገበ ታንኳ ተሸክሞህ አይሄድም፤ አንተ ነህ ተሸክመኸው የምትሄድ።”

ለማያውቅ ሰው፦ የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ አቁመው በፀሐይ ያደርቁታል። ካልደረቀ እየከበደ፣ እየሰመጠ ይሄዳል። የታንኳ ዕድሜ አጭር ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ይታሰራል። እማዬ ታንኳው ስንት ጊዜ እንደሆነው አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስለ ውሃው ነው።

ስልኩን ዘግቼ ሳነብ አመሸሁ። ለካ የሴትየዋ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። የዚያ ዘመን ጀልባዎች ወለላቸው እንደ ሳንድዊች ነው። ከላይ ፋይበርግላስ፣ ከታች ፋይበርግላስ፣ መሀል ላይ ኮምፔንሳቶ። ፋይበርግላሱ አይበሰብስም። ግን ለእጀታውና ሰው እንዳይወድቅ ዳር ዳሩን ለሚከበው አጥር ተብሎ በተበሳ ቀዳዳ ሁሉ፣ ማሸጊያው ሲደክም ውሃ ሰርጎ ይገባል። እንጨቱም ውሃውን ይጠጣል። ከላይ ስታያት ታበራለች፤ ከውስጥ ጠግባለች።

በማግስቱ የፕላስቲክ እጀታ ያለው ጠመንጃ መፍቻ ይዤ ካታሊናዋ ጋ ሄድኩ። ትሬለር ላይ ናት። ሽማግሌው ባለቤቷ ወንበር አውጥቶ ተቀመጠና “እንደፈለግህ” አለኝ። ከፊት ጀምሬ በመፍቻው እጀታ ወለሉን አንኳኳሁ። በየአራት ጣቱ። ደረቅ እንጨት ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ውሃ የጠጣው ግን እንደታፈነ ከበሮ ነው፤ ዱፍ ይላል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በግራ በኩል ካለው የአጥር ብረት ሥር፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ዱፍ አለ። ሌላው ሁሉ ጥርት ያለ ነው። በእግሬ ስረግጠው ትንሽ ሰጠ። ሽማግሌው ከወንበሩ ሳይነሳ “አዎ፣ እሱን አውቀዋለሁ” አለ።

ከዚያ ከሥሯ ገባሁ። ኪሉን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቅኩት። የተንጠለጠለበት ብሎን ከተበላ ማዕበል ላይ ኳ ኳ እያለ ያድራል፤ ቀዳዳውንም እያሰፋ ይሄዳል። ብዙም አልተነቃነቀም። የሚስበው ገመድ ብረት ግን ክሩ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ መቀየር አለበት። ምሰሶውን የሚይዙት ሽቦዎችም መቼ እንደተቀየሩ ሽማግሌው አያስታውስም። ጀልባዋ የኖረችው ሐይቅ ላይ ነው፤ ጨው አልነካትም ማለት ይቻላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ደመርን። ገመዱ፣ ሽቦዎቹ፣ የተጎዳው ወለል፣ ኢንሹራንስ። የማሪና ኪራይ ደግሞ በጀልባዋ ርዝመት ነው የሚታሰበው፤ ትልቋ የበለጠ ትበላለች። ሁሉም ተደምሮ አሮጌዋ የመጀመሪያውን ዓመት ከአዲሷ ብዙም አትረክስም። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ አንድ ነገር ተናገረች። “እናትህ ሲመጡ የት ነው የሚቀመጡት?”

እማዬ ነሐሴ ላይ ትመጣለች። ባሕር ዳር ዝናብ ሲሆን ሲያትል ፀሐይ ነው። 71 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ያማታል። ኩዌስቷ ላይ ሰው የሚቀመጠው ጠርዝ ላይ ነው፤ ሸራው ሲዞር ጎንበስ ብሎ ወደ ሌላው ጎን መሻገር አለበት። ይረጥባል። ልጄ ይሄን ሁሉ በደስታ ታደርገዋለች። እማዬ አትችልም። ካታሊናዋ ላይ ግን ጀርባዋን አስደግፋ፣ ጋቢዋን ደርባ ትቀመጣለች። እኔም መሪውን ይዤ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። ይሄ ሥዕል አንዴ ዓይኔ ላይ ከመጣ በኋላ ሌላውን ሒሳብ መሥራት አልቻልኩም።

ልጄን አስቀምጬ ነገርኳት። አለቀሰች። በጋውን እየተከራየን በትንሽ ጀልባ እንድትማር ቃል ገባሁላት። ይሄን ቃል እጠብቃለሁ።

ትናንት 3,400 ዶላር ከፈልኩ። ሽማግሌው ወረቀቱን ፈርሞ ሲሰጠኝ እጁን ጀልባዋ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። እኔም አላጣደፍኩትም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ጀመርኩ። የአጥሩን ብረት ፈታሁ። የላይኛውን ፋይበርግላስ በክብ ቆርጬ ሳነሳው ከሥሩ የወጣው እንጨት ጥቁር ነው፤ በጣቴ ስጨምቀው ውሃ ወጣው። የበሰበሰውን ጠርጌ አወጣሁ። ዳሩ ላይ ያለው ጤነኛ ነው፤ ግን እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ፣ ማጣበቂያው፣ አይዝም። ከላይ ሸራ ወጥሬ፣ ትንሽ ማሞቂያ አስገብቼ መጠበቅ ብቻ ነው።

አሁን እማዬ ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣

“ደረቀ?” አለችኝ።

“ገና ነው እማዬ። ትናንት እኮ ነው የከፈትኩት።”

“አትቸኩል። ሌሊት ሌሊት ጤዛ እንዳያገኘው ክደነው።”