ቀኖናዬ ቁርስ ነበር

ወገኖቼ፣ የእኔ ምስክርነት ስለ ምግብ ነው። ከካንሰር የዳነ፣ ከእስር የወጣ ሰው እየመሰከረ እኔ ተነስቼ "እግዚአብሔር ቁርስ አበላኝ" ማለት ሲያሳፍረኝ ኖሯል። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ በጓደኛዬ ሠርግ ጀመረ። ሚዜ ነበርኩ፤ ቀሚሱ ወገቤ ላይ እምቢ አለ። እንጀራ ተውኩ። ከዚያ ስኳር፣ ከዚያ ዘይት። ቀሚሱ ገባልኝ፣ ሠርጉም አለፈ፣ እኔ ግን ማቆም አቃተኝ። ሰው ሁሉ "እንዴት አምሮብሻል፣ ምን ተጠቅመሽ ነው?" ይለኛል። ማን ያቆማል?

ማታ ከሥራ ስወጣ ሜክሲኮ አካባቢ ሚዛን አስቀምጠው ሰው የሚመዝኑ ልጆች አሉ፣ ታውቋቸዋላችሁ። የአንዱ ደንበኛ ሆንኩ። ጫማዬን አውልቄ፣ ቦርሳዬን አስይዤው እወጣለሁ። ቁጥሩ ከጨመረ እራት የለም። ከቀነሰም እራት የለም፣ እንዳይጨምር። አንድ ቀን ልጁ ብሬን አልቀበልም አለ። "እህቴ፣ አሞሻል እንዴ? ሂጂ ብዪበት" አለኝ። ተናድጄ ሌላ ሚዛን ፈለግኩ። እግዚአብሔር ይስጠው ያን ልጅ። ከሁሉም በፊት ያየኝ እሱ ነው።

ጾም ደግሞ መደበቂያዬ ሆነ። እኛ ቤት ጾመኛን "ለምን አትበዪም" የሚለው የለም። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ። ሰው ዘጠኝ ሰዓት ጠብቆ ሲገድፍ እኔ "አልራበኝም" እላለሁ። እማዬ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ "በሞቴ" ስትለኝ ፊቴን አዞራለሁ። ፋሲካ ሲመጣ እንኳ ደስ አይለኝም፤ ምን ብዬ ልሸሽ? "ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን" እያልን እየዘመርን የእኔ ዐይን ውሎው መስታወት ላይ ነበር።

የወር አበባዬ ቀረ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ።

እግዚአብሔርን ተቆጥቼዋለሁ፣ አልደብቅም። ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ሰው ለልጅ፣ ለጤና ሲሳል እኔ ረሃቤ እንዲጠፋ ተሳልኩ። አልጠፋም። ሌሊት ሌሊት ስለ ዳቦ አልም ነበር። "ይህን ሆድ የፈጠርከው አንተ ነህ። ወይ ውሰደው፣ ወይ ተወኝ" አልኩት። ጸሎት እንኳ አልነበረም፤ ጠብ ነበር።

ከዚያ ያች ሌሊት መጣች።

ፍልሰታ ነበር፣ ሁለተኛው ሳምንት። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀን ቅዳሴ ቆሜ ዋልኩ። ማታ እማዬ ያቀረበችልኝን በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ተኛሁ። ሰባት ሰዓት ገደማ ይመስለኛል፣ ልቤ ቀሰቀሰችኝ። ሁለቴ ሦስቴ ትመታለች፣ ከዚያ ዝም። እጠብቃታለሁ። ዝም። ደግሞ ድው ትላለች። የእግሬ ጡንቻ ተኮማተረ። ተነስቼ መብራት ላበራ ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ሲሚንቶው ጉንጬን ሲነካኝ ትዝ ይለኛል፤ ቀዝቃዛ ነበር። ልጣራ ብሞክር ድምፅ የለም።

የሰማችኝ እማዬ ናት። ቢጃማዬን ይዛ ወደ ላይ ስትጎትተኝ ያ ሶፍት ከኪሴ ወደቀ። ተፈታ። ሽሮው፣ እንጀራው፣ ሁሉም። አየችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። ጸበል ረጨችኝ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በባዶ እግሯ ዝናብ ውስጥ ወጣች።

ጎረቤታችን ጋሼ ላዳ አላቸው። በዚያ ሰዓት ኮታቸውን በፒጃማ ላይ ደርበው መጡ። አስበውት አያውቁም እንጂ ሕይወቴን ካተረፉት አንዱ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። እማዬ ከኋላ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ትላለች፣ በጣቷ እየቆጠረች። አርባ አንዱን ጨርሳ እንደገና ትጀምራለች። መንገዱ አላልቅ አለ። እኔ እሞታለሁ ብዬ ቁርጤን አውቄያለሁ። በዚያ ሰዓት ምን እንዳማረኝ ልንገራችሁ? ኃጢአቴን ማሰብ ሲገባኝ፣ ሕፃን ሳለሁ እማዬ ከጋገራው መጨረሻ ለእኔ የምትጋግራት እንጎቻ አማረችኝ። ትኩስ፣ በቅቤና በበርበሬ። በቅቤ፣ ያውም በፍልሰታ! ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። "ጌታዬ፣ እሷን ብቻ ልብላ" አልኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ የጸለይኩት እውነተኛ ጸሎት ይህ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ደረቴ ላይ ሽቦ ለጠፉ። ነርሷ ደም ሥሬን ፈልጋ አጣችው፤ እጄን በመዳፏ እያሞቀች በትዕግሥት አገኘችው። ሐኪሟ መጨረሻ መቼ እንደበላሁ ጠየቀችኝ። እማዬ ቀድማ "ጾም ላይ ናት" አለች። ሐኪሟ ክንዴን አየች፣ የበቀለበትን ስስ ፀጉር በጣቷ ነካችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እናቴ፣ ይሄ ጾም ብቻ አይደለም" አለቻት። በደሜ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን በጣም ወርዶ ልቤ ምቷን ያዛባችው ለዚህ ነበር።

ሲነጋ እማዬ ቤት ያለውን ሁሉ አብስላ ልታመጣ ተነሳች። ሐኪሟ አስቆመቻት። ለካ ብዙ የተራበ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ከበላ በደሙ ያለው ፎስፌት ዝቅ ብሎ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። በጥቂቱ፣ በየሰዓቱ፣ ደም እየተመረመረ ነው የሚጀመረው። ስለዚህ እማዬ አጥሚት በትንሽ ስኒ እየለካች በማንኪያ ታጎርሰኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ "አንዲት ብቻ ጨምሪ" ስትል የኖረች ሴት ስኒው ሲያልቅ እንባዋ እየወረደ "በቃ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ "ጨምሪልኝ" አልኳት።

ከቀናት በኋላ የንስሐ አባቴ መጡ። ሚዛኑንም፣ ሶፍቱንም፣ ጾሙንም፣ ከአምላክ ጋር መጣላቴንም ነገርኳቸው። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ "ቀኖናሽ ቁርስ ነው" አሉኝ።

"ምን አሉኝ አባቴ?"

"ቁርስ። ከዚያ ምሳ። ከዚያ እራት። እኔ እስክፈቅድልሽ ጾም የለም። ለበሽተኛ አይታዘዝም።"

"አባቴ፣ ፍልሰታ እኮ ነው!"

"ኤልያስም ሞቱን ለምኖ ክትክታ ሥር ተኝቶ ነበር ልጄ። መልአኩ አልተቆጣውም። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አስቀምጦለት፣ መንገድህ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው።"

ስለ እንጎቻዋ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለእማዬም። አልጋው ላይ ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ፤ ነርሷ ምን ሆነች ብላ ሮጣ መጣች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በሥራ አለፉ፣ በቃ። በየሳምንቱ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ በልቶ ማልቀስ፣ እንደገና መብላት። "ጸሎት እያለ ሐኪም ምን ያደርጋል?" ላላችሁኝ፣ ለኤልያስም እኮ የተላከለት ምግብ ነው። የመጀመሪያዋን ሙሉ እንጀራ ስበላ "እግዚአብሔር ቸር እንደ ሆነ ቅመሱ እዩም" የሚለው ሳላስበው አፌ ላይ መጣ። የወር አበባዬ ሲመለስ እማዬ በእልልታ ግቢውን አናጋችው። ጎረቤት "ምን ተገኘ?" ብሎ ሲመጣ "ልጄ ዳነችልኝ" አለቻቸው፣ ዝርዝሩን ትታ።

አሁንም ክፉ ቀን አለኝ። በዚያ በሜክሲኮ መንገድ ሳልፍ ሚዛኑን ላለማየት ተሻግሬ እሄዳለሁ። ግን እበላለሁ። በቀደም አክስቴ ሰው ፊት "ወፈርሽ!" አለችኝ። እማዬ ደነገጠች። እኔ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ" ብዬ ወጡን ወደ እኔ ሳብኩት።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። ዳንኩ፣ አሁን ልጹም አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው "ሐኪምሽን ጠየቅሽ?" አሉኝ። ጠይቄያለሁ፤ ገና ነው ብላኛለች።

"እንግዲያው ዘንድሮም ቁርስ" አሉኝ።