ልጄ ያጣው ተሰጥኦ ነው ወይስ አሠልጣኝ?

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላጥፍ ደሴ ያለው አብሮ አደጌ ደወለልኝ። ልጆቹ በስልክ ያሳዩትን የልጄን ጨዋታ እንደተመለከተ ነግሮኝ፣ «ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ያኛው ልጅ ያንተን ጥሎት ሲሮጥ አየሁ፤ ለዚህ ነገር አልተፈጠረም ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ክፋት እንደሌለበት አውቃለሁ። ሆኖም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምሳ አልበላ አለኝ፤ ያንኑ ቃል ከእርሱ በፊት እኔ ራሴ ለልጄ ተናግሬው ነበርና።

ልጄ እዚህ ሂውስተን ተወልዶ ያደገ፣ አሁን ከቤታችን የአራት ሰዓት መንገድ በሚርቅ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የሚሰለፍበት ቦታ ኮርነርባክ ይባላል፤ ሥራውም ኳስ ሊቀበል የሚሮጠውን ተጋጣሚ እየተከተለ ኳሱን ማስጣል ነው። ተቀባዩ ወዴት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ ያውቃል፤ ኮርነርባኩ ግን ወደ ኋላ እየሮጠ መገመት ይኖርበታል። አርባ ጊዜ በትክክል ቢከላከል ስሙን የሚያነሣ የለም፤ አንድ ጊዜ ሲቀደም ግን ስታዲየም ሙሉ ሰው ያየዋል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ሊወስደው የፈለገው የኮሌጁ የመከላከል አሠልጣኝ ቤታችን መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ዶሮ ሠራች፤ ሰውየውም በእጁ በላ፣ ጉርሻዬን ተቀበለ፣ «እንደ ልጄ አየዋለሁ» አለ። ከአንድ መሶብ የበላ ሰው ዘመድ ነው ብዬ ያደግሁ በመሆኔ ልጄን ለዘመድ አደራ የሰጠሁ መሰለኝ። በዓመቱ ሰውየው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄደ፤ እዚህ አገር ይህ ነውር አይደለም፤ የተሰናበተንም በአንዲት አጭር መልእክት ነበር።

በእርሱ ቦታ የመጣው አሠልጣኝ ልጄ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውን ሰው በሰው የመያዝ ስልት ትቶ በዞን መከላከልን፣ ማለትም ሰው ሳይሆን የተመደበለትን ቦታ መጠበቅን፣ አመጣ። በሁለት ጨዋታ ሦስት ተችዳውን፣ እንደ ጎል ያለ ነጥብ፣ በልጄ በኩል ተቆጠረ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው የማሊያውን ቁጥር እየጠራ «አውጡት» ብሎ ሲጮኽ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ፤ በዚያው ምሽት መኪና ውስጥ «ምናልባት እግዚአብሔር ይህን ስጦታ አልሰጠህ ይሆናል» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ አሠልጣኙን በመውጫው በር ጠበቅሁት። እንደ አገሬ ወግ ዝቅ ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ልጁ የጎደለው ምን እንደሆነ እንዲነግረኝ ለመንሁት። ከወላጅ ጋር ስለ ተጫዋች እንደማይነጋገር፣ ልጄ አዋቂ ስለሆነ ራሱ ሊጠይቀው እንደሚችል ቆሞ ነገረኝ፤ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎም ሄደ። ሌሎች ወላጆች ቆመው ያዩ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እኛ ዘንድ አባት ስለ ልጁ መምህሩ ዘንድ ሲሄድ እንቢ የሚለው እንኳ ወንበር ስቦ ካስቀመጠው በኋላ ነው። ይህ የብዙ አሠልጣኞች ደንብ መሆኑን፣ ሳላነብ በፈረምሁት ወረቀት ላይም ተጽፎ እንደነበር ኋላ ላይ ተረዳሁ፤ ያቺ የትከሻ መታ መታ ግን እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ልጄ ለምስጋና በዓል ቤት ሲመጣ እናቱ ቡና አፍልታ ነበር። ከረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን አንሥቶ ምንጣፉ ላይ ደረደራቸው። «አባዬ፣ ይቺ እኔ ነኝ፤ በዞን የምጠብቀው ይህን ቅርብ ቦታ ብቻ ነው። ከኋላዬ ያለውን ሴፍቲ የሚባለው የኋላ ተከላካይ ይሸፍናል። የዚያን ቀን የአሠልጣኙ ምልክት ዘግይቶ ስለ ደረሰ ሴፍቲው ወደ ፊት ወጣ፤ ኳሱ ሲወድቅ አጠገቡ የነበርሁት እኔ ስለሆንሁ የቀደሙኝ መሰላችሁ» አለኝ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አሳየኝ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አንዲት ስኒ በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ «ይቺ ግን የራሴ ናት፤ ወገቤን ዘግይቼ አዞርሁ» አለ። በዚያች ቅጽበት ከእኔም ከአሠልጣኙም ይልቅ ፍትሐዊ የነበረው እርሱ ነው።

የዚህ ከተማ የፕሮፌሽናል ሊግ (ኤን.ኤፍ.ኤል.) ቡድን ኮርነርባክ የሆነውን የዴሪክ ስቲንግሊን ታሪክ ያነሣልኝም ያን ዕለት ነው። ስቲንግሊ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዓመቱ ለተጋጣሚ የተወረወረ ስድስት ኳስ ጠልፎ ቡድኑ 15 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። የመከላከል አሠልጣኙ ዴቭ አራንዳ ወደ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሄደና ቦ ፔሊኒ ተተካ። በ2020 የመክፈቻ ጨዋታ፣ ስቲንግሊ በሕመም ባልተሰለፈበት ቀን፣ የሚሲሲፒ ስቴቱ ኬ. ጄ. ኮስቴሎ በዚያ ቡድን ላይ በውርወራ በድምሩ 623 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) አስገኝቶ ቡድኖቹ የሚወዳደሩበትን የኮሌጆች ምድብ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ፔሊኒም ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ አልቆየም። ስቲንግሊ በቀሩት ሁለት የኮሌጅ ዓመታት ጉዳት ጭምር ተደራርቦበት አንድም ኳስ አልጠለፈም፤ የመጀመሪያው ዓመት ዕድል ነበር የሚሉም ተነሡ። በ2022 የሊጉ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ሂውስተን በሦስተኛ ተራ መረጠው፤ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኳስ ብቻ ጠለፈ። በ2023 ዴሜኮ ራያንስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ አምስት ጠለፈ፤ በ2024 ደግሞ የሊጉ ምርጥ አሥራ አንድ ውስጥ ገባ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ጤናውና በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው የተለወጡት።

ይህን የምጽፈው ልጄ ስቲንግሊ ነው ለማለት አይደለም። ልጄ 40 ያርድ የሚሮጠው በ4.6 ሰከንድ ነው፤ በእርሱ ቦታ ወደ ሊጉ ከሚገቡት ብዙዎቹ 4.4 አካባቢ ናቸው፤ ያንን ልዩነት የሚሞላለት አሠልጣኝ የለም። ስለዚህ ለአብሮ አደጌ የምመልሰው ይህን ነው፦ የዘንድሮው ችግር በአብዛኛው የአሠልጣኙ ነው፤ ልጄ እስከ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ግን ተሰጥኦው ይሆናል። እኛ «አልተሰጠውም» ብለን ልጁን ቶሎ እንቀብረዋለን፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ የጣረ ሁሉ ይደርሳል ይላሉ፤ በሁለቱም በኩል ማስተማር የሚገባው አዋቂ ሳይጠየቅ ያመልጣል።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመምጣት የምትዘጋጁ፣ ጎረቤት በኳስ የኮሌጅ ክፍያ እንደሚሸፈን ይነግራችኋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሊጉ በየዓመቱ የሚመርጠው ከመላው አገሪቱ ከ250 ጥቂት የሚበልጡ ተጫዋቾችን ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ የሚማረው ትምህርት ከኳሱ በፊት ይታሰብበት። የነጻ ትምህርቱ ዕድል ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ልጁ ቢጎዳ ምን እንደሚሆን ወረቀቱን አንብባችሁ ፈርሙ።

ልጄ ወደ ሌላ ኮሌጅ ለመዛወር ወስኗል፤ ከ2021 ወዲህ ለዚህ አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ መቀመጥ አያስፈልገውም። የፊታችን ቅዳሜ አንድ አሠልጣኝ ቤታችን ይመጣል። ባለቤቴ ዶሮውን ትሠራለች፤ እኔም ከልጄ ጋር ሆነን ጥያቄዎቻችንን በወረቀት ጽፈናል። የመጀመሪያው፣ «እርስዎ ከሄዱ ልጄን ማን ያስተምረዋል?» የሚል ነው።