የግንደ ቆርቁርን ጎጆ ውስጡን ሳያዩ መከታተል

የግንደ ቆርቁር ጎጆ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ካንጋጠጣችሁ የምታተርፉት የአንገት ሕመም ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው። ዛፉ ሥር ነጣ ያለ ትኩስ ስንጥርጣሪ ከተበተነ ከላይ የሚቦረቡር አለ። ከጠቆረ ግን የከረመ ስለሆነ አልቆምም። በተለይ የደረቀ ወይም ውስጡ የበሰበሰ ግንድ ካየሁ ዞር ዞር ብዬ ሳላጣራ አላልፍም።

ድምፁም ያሳስታል። ያ ከበሮ የሚመስለው ፈጣን ድብደባ ቁፋሮ አይደለም፤ ግዛት ማስከበሪያና ጥንድ መጥሪያ ነው። ቁፋሮው ቀሰስ ያለና የተቆራረጠ ነው።

ቀዳዳውን ካገኘሁ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ባይኖኩላር፣ ደብተር፣ ሰዓት፣ በቃ። ወፏ ምግብ ይዛ መጥታ አጠገቡ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ አልገባም ካለች ተጠግቻለሁ ማለት ነው፤ ተነስቼ ወደ ኋላ እላለሁ። ግንዱን ማንኳኳት፣ የተቀዳ ድምፅ መክፈት፣ ስልክ እንጨት ላይ አስሮ ቀዳዳው ውስጥ መስደድ ይቅርባችሁ።

ደግሞም አያስፈልግም፤ በሩ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ሁሉን ይናገራል። ቁፋሮው ሲጀመር ወፉ ውጭ ተጣብቆ ይታያል፤ ጅራቱን ግንዱ ላይ ተክሎ ነው የሚሠራው። እየጠለቀ ሲሄድ ይሰወርና ብቅ ብሎ ምንቃሩ ሙሉ ስንጥርጣሪ እያወጣ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይበትነዋል። ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል። አንዱ ባዶ ምንቃሩን ይመጣል፣ ውስጥ ያለው ሹልክ ብሎ ይሄዳል፣ የመጣው ይገባል፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። እንቁላል ታቅፈዋል። ይሄ በብዙ ዝርያዎች 2 ሳምንት ገደማ የሚፈጅ አሰልቺ ጊዜ ነው፣ ግን እኔ የምወደው እሱን ነው። በብዙ ዝርያዎች ወንዱ ጭንቅላቱ ላይ ባለው ቀይ ስለሚለይ ተራውን መመዝገብ ይቻላል። ሲመሽ የሚገባው ማን ይመስላችኋል? አባትየው ነው፤ በአብዛኞቹ ዘንድ የሌሊቱ ተረኛ እሱ ነው።

ከተፈለፈሉ በኋላ ምልልሱ ይጦፋል። ጫጩቶቹ ሲወለዱ ላባም የላቸው፣ ዓይናቸውም አልተገለጠ፤ ስለዚህ ወላጆቹ ሙሉ በሙሉ ገብተው ነው የሚያበሉት፣ ሲወጡም ኩሳቸውን በምንቃር ይዘው ይሄዳሉ። ወደ መጨረሻው ጫጩቶቹ በር ድረስ ይመጣሉ፣ ጫጫታቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ወላጅም ከደጅ ሆኖ አንገቱን ብቻ ነው የሚያስገባው። ያኔ ደብተሬ ላይ «ሊወጡ ነው» ብዬ እጽፋለሁ።

ከወጡም በኋላ ዛፉን አልሰርዘውም። ብዙዎቹ በሚቀጥለው ወቅት አዲስ ይቦረቡራሉ፤ አሮጌውን ደግሞ መቦርቦር የማይችሉ ሌሎች ወፎች፣ አንዳንዴም ንቦች ይይዙታል።